ሃምሳ ሎሚና አንድ ካታሎግ፦ የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር ለምን ያስፈልጋል?



ለዛሬው ገለጻ የመረጥኩት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ጠባብ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በየትኛውም አገር ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ማኅበራቸው ስብሰባ ቢያካሂድም ጋዜጣ አይዘግበውም። ሆኖም እነዚህ ማኅበራት ባለፉት ዘጠኝ ዐሥርት ዓመታት የሠሩትን ሥራ በቅርብ ስንመረምር፣ የራሳችንን የሙዚቃ ቅርስ በተመለከተ ለተደቀነብን አንድ ጥያቄ መልስ እናገኛለን። በየተቋሙና በየግለሰቡ እጅ የሚገኘውን ሸክላ፣ ካሴት፣ የሪል ቴፕና የኖታ ወረቀት ወደ ዲጂታል ለመገልበጥ ያለው ፍላጎት እየበረታ ነው። ከመገልበጡ በፊት፣ ቢያንስ ከመገልበጡ ጎን ለጎን፣ ምን መሠራት አለበት?

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። አንድን ሙዚቃና አንድን ሙዚቀኛ በምን ስም እንደምንመዘግብ ሳንስማማ የምንገለብጠው ድምፅ ከመበላሸት ይድን ይሆናል፤ ፈላጊው ግን አያገኘውም። ይህን ስምምነት ደግሞ ማንም ተቋም ለብቻው ሊያደርገው አይችልም፤ የባለሙያዎች ማኅበር ሥራ ነው። ሐሳቡን ለማስረዳት በቅድሚያ ሙዚቃ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለምን የተለየ ባሕርይ እንዳለው አብራራለሁ፤ ቀጥሎ የአንድ አካባቢያዊ ማኅበርን ሥራ በምሳሌነት አቀርባለሁ፤ በመጨረሻም ወደ አገራችን እመለሳለሁ። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ የአገራችንን አዋጆች ግን በሚታወቁበት በራሳችን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ሙዚቃ ለምን የተለየ ባለሙያ ይሻል?

አንድ ልቦለድ ብዙውን ጊዜ አንድ ደራሲ፣ አንድ ርእስና አንድ ጥራዝ አለው። የሙዚቃ ድርሰት ግን እንዲህ በአንድ መልክ አይገኝም። የቤትሆቨንን ሥራ ቁጥር 27፣ ሁለተኛ ሶናታ እንውሰድ። በ1802 ሲታተም አቀናባሪው ምናባዊ ቅኝት ያለው ሶናታ መሆኑን በርእሱ ገለጸ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው «የጨረቃ ብርሃን» የሚለው ስም የመጣው ቤትሆቨን ከሞተ በኋላ ሬልሽታብ ከተባለ ጀርመናዊ ሐያሲ ነው። አንድ ቤተ መጻሕፍት የዚህን ሥራ የጀርመንኛ፣ የፈረንሳይኛና የሩስኛ እትሞች፣ ለጊታር የተዘጋጀ ቅጂውን፣ እንዲሁም በተለያዩ ፒያኒስቶች የተቀረጹ በርካታ ሸክላዎችን ሊይዝ ይችላል። ሁሉም በሽፋናቸው ላይ በተጻፈው ርእስ ብቻ ከተመዘገቡ ፈላጊው ከመደርደሪያው ካለው ጥቂቱን ብቻ ያገኛል፤ የቀረው እያለ እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ የሙዚቃ ካታሎግ ሠሪ ለእያንዳንዱ ድርሰት አንድ ቋሚ መጠሪያ ይመርጥና የቀሩትን ስሞች ሁሉ ወደዚያ ይመራል። ይህ መጠሪያ በሙያው «ወጥ ርእስ» ይባላል። ኮሄል የተባለው ምሁር በ1862 ለሞዛርት ሥራዎች የሰጣቸው ተከታታይ ቁጥሮች እስከ ዛሬ የሚሠራባቸውም ለዚሁ ነው። አንድ አቀናባሪ ብዙ ሲምፎኒዎችን በአንድ ዓይነት ስም ሲጽፍ ቁጥሩ ከስሙ ይልቅ አስተማማኝ ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር ከአካሉ ይመጣል። ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ አንድ ጥራዝ ብቻ አይደለም። መሪው የሚያነበው ሙሉ ኖታ አለ፤ ቫዮሊኒስቱ፣ መለከት ነፊውና ከበሮ መቺው ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ወረቀት አላቸው። ከሃምሳው ወረቀት አንዱ፣ ለምሳሌ የሁለተኛው ሆርን፣ ከጠፋ ሥራው በሙሉ መደርደሪያው ላይ ቢኖርም ሊጫወት አይችልም። ሦስተኛው ችግር የድምፅ ነው። መጽሐፍን ገልጦ ይዘቱን ማወቅ ይቻላል፤ ካሴት ግን ማጫወቻ ከሌለ ዲዳ ነው፤ ከሽፋኑ ጋር ከተለያየ ደግሞ ድምፁን የሚለይ ጆሮ ያስፈልገዋል።

ከየብቻ ድካም ወደ ማኅበር

እነዚህን ችግሮች እያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት በየራሱ ዘዴ ሲፈታ ከቆየ በኋላ፣ በ1931 የአሜሪካ የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በዬል ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ከሦስት ዓመት በኋላ መጽሔቱ ወጣ። ማኅበሩ በሂደት አካባቢያዊ ምዕራፎችን አቋቋመ፤ ከእነዚህም አንዱ የኒው ዮርክ ግዛትንና በካናዳ በኩል ያለችውን ኦንታሪዮን በአንድነት ያቀፈ ነው። የሙያው ጎረቤትነት የመንግሥታትን ድንበር እንደሚሻገር ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

በአውሮፓ ደግሞ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጉዳዩን አስቸኳይ አደረገው። ከበርሊን ቤተ መጻሕፍት የሞዛርት፣ የቤትሆቨንና የባኽ የእጅ ጽሑፎች ከቦምብ ድብደባ ለማትረፍ ወደ ሲሌዢያ ተወስደው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ከእነርሱ ብዙዎቹ ክራኮቭ ውስጥ ቢገኙም፣ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ለአብዛኛው ተመራማሪ እንደ ጠፉ የሚቆጠሩ ነበሩ። ሀብቱ አልተቃጠለም፤ የጠፋው ያለበትን ቦታ የሚናገር የታመነ መዝገብ ነው። በ1949 በፍሎረንስ፣ በ1950 በሉነቡርግ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች በ1951 በፓሪስ ዓለም አቀፉን የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የመሠረቱት በዚህ ድባብ ውስጥ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የተጀመረው ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ምንጮች ምዝገባ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መዝገቦች አሉት። ርእስ የሌለው የእጅ ጽሑፍ እንኳ በመነሻ ኖታዎቹ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል፤ በአንድ ገዳም ያለ ስም አልባ ቅጂ በሌላ አገር ካለው የታወቀ ሥራ ጋር የሚገናኘው በዚህ መንገድ ነው።

የአንድ አካባቢያዊ ማኅበር ሥራ

አሁን ወደ አንድ የተወሰነ ምሳሌ ልለፍ። የዓለም አቀፉ ማኅበር የብሪታኒያና የአየርላንድ ቅርንጫፍ በ1953 ተቋቋመ። አባላቱ ከዩኒቨርሲቲዎች፣ ከሙዚቃ ኮሌጆች፣ ከብሮድካስት ድርጅቶች፣ ከኦርኬስትራዎችና ከከተማ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመጡ ናቸው። ከ1964 ጀምሮ የራሱን መጽሔት ያሳትማል፤ በየዓመቱ የጥናት ጉባኤ ያካሂዳል፤ ሙዚቃ ያልተማሩ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የኖታ ጥያቄ ሲቀርብላቸው እንዳይደናገሩ ሥልጠና ይሰጣል። ከእነዚህ መደበኛ ተግባራት ባሻገር ሁለት ሥራዎቹን ለይቼ ማሳየት እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው የኖታ ስብስቦች ውሰት ነው። በብሪታኒያ በየከተማው ሠራተኞች፣ ጡረተኞችና ተማሪዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚዘምሩባቸው መዘምራን አሉ። አንድ ቡድን የሄንደልን «መሲሕ» ለመዘመር ቢነሣ ለመቶ ሰው መቶ ቅጂ ያስፈልገዋል። ቅጂዎቹን ቢገዛ ከአንድ ምሽት በኋላ ለዓመታት መደርደሪያ ያጣብባሉ። አንድ የከተማ ቤተ መጻሕፍትም የመዘምራኑን ፍላጎት ሁሉ ለብቻው ሊያሟላ አይችልም። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት በትክክል እዚህ ላይ ይሠራል። ቅርንጫፉ የየቤተ መጻሕፍቱን ስብስቦች አንድ ላይ የሚያሳይ የጋራ ካታሎግ እንዲኖር ሠራ፤ በመጀመሪያ በመጽሐፍ መልክ፣ በኋላም በኮምፒውተር። በአንድ ከተማ የተቀመጠው ስብስብ በሌላው ከተማ መድረክ ላይ የሚዘመረው በዚህ ካታሎግ አማካይነት ነው።

ካታሎጉ እንዲሠራ ግን ቤተ መጻሕፍቱ «መሲሕ አለን፣ ሰማንያ ቅጂ» ማለታቸው ብቻ አይበቃም። የየትኛው አሳታሚ እትም እንደሆነ መገለጽ አለበት፤ ሁለት እትሞች የተለያየ የገጽ ቁጥር ስላላቸው መሪው «ገጽ አርባ» ሲል ግማሹ መዘምራን ሌላ ቦታ ይገልጣሉ። የድምፅ ኖታው ስንት እንደሆነ፣ የመሣሪያዎቹ ወረቀቶች አብረው መኖራቸው፣ የቀረ ወረቀት ካለ የትኛው እንደሆነም መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ቀድሞ የተደረሰ ስምምነት ውጤት ነው። ኮምፒውተሩ የመጣው ስምምነቱ ካለ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ከዚህ ይሰፋል። መጽሐፍ መለያ ቁጥር ሲኖረው የታተመ ኖታ ለረጅም ጊዜ አልነበረውም። በአንድ አሳታሚ የወጡ ሁለት ኖታዎች ተመሳሳይ ርእስ ሊይዙ፣ አንዱ ለመሪው፣ ሌላው ለዘማሪው የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል፤ ያዘዘው ቤተ መጻሕፍት የተሳሳተው ይደርሰዋል። ለኖታ ኅትመት የራሱ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር እንዲኖር በመጀመሪያ ሐሳብ ያቀረበው ይኸው የብሪታኒያ ቅርንጫፍ ነው። ሐሳቡ ተጠንቶ በ1993 ዓለም አቀፍ መደበኛ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ፤ ከ2008 ጀምሮም ቁጥሩ ዐሥራ ሦስት አሃዝ ሆኖ በ979-0 ይጀምራል። ዛሬ በማንኛውም አገር የሚታተም ኖታ በጀርባው ሊይዘው የሚችለው ይህ ቁጥር በየዕለቱ የተሳሳተ ትእዛዝ ካሰለቻቸው ጥቂት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ውይይት የወጣ ነው።

ከዚህ ሦስት ዓይነት ሥራ እንለያለን፦ በስምና በአመዘጋገብ መስማማት፤ ያለንን አንድ ላይ አስተባብሮ ማሳየት፤ ተተኪ ማሠልጠን። ሦስቱንም አንድ ተቋም ለብቻው ቢሞክራቸው ከራሱ ግቢ አያልፉም።

የራሳችን የአመዘጋገብ ባህል

ወደ አገራችን ስንመለስ ከባዶ አንነሣም። ትውፊት ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው የቤተ ክርስቲያን ዜማ የረቀቀ የአመዘጋገብ ሥርዓት አለው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ከተባሉት ምልክቶች ጎን በድጓው ቃላት አናት ላይ ደቃቅ ፊደላት ይጻፋሉ። እነዚህ ፊደላት ከታወቁ ዜማዎች ቃላት የተቀነጨቡ ናቸው፤ ፊደሉን ያየ ተማሪ የዚያን ቃል ዜማ ያስታውስና እዚህ ያዜመዋል። በሌላ አነጋገር ምልክቱ «ያንን ተመልከት» የሚል መጠቆሚያ ነው። የካታሎግ ሠሪ «ይህን ርእስ በዚያ ርእስ ሥር ፈልግ» ሲል የሚያደርገውም ይኸንኑ ነው።

ስምምነቱን የሚጠብቁ ማዕከላትም ነበሩ፤ አሉም። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥእት ዙር አምባ የምስክር ቦታዎች ናቸው። በሌላ አገር የተማረ መምህር ወደዚያ ወርዶ ዜማውን አስመስክሮ ይመለሳል። አንድ ዜማ በጎጃም፣ በሸዋና በትግራይ ተለያይቶ እንዳይቀር ያደረገው ይህ ዓይነቱ የጋራ ማረጋገጫ ነው። የሙያ ማኅበር ለዘመናዊው ስብስብ ሊሰጠው የሚገባው አገልግሎት በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ትዝታ የቱ ነው?

ዓለማዊው ሙዚቃችን ግን ይህን የመሰለ ምስክር ቤት የለውም። አንድ ምሳሌ እንመልከት። ሸክላ ወይም ካሴት ላይ «ትዝታ» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ቃሉ የአንድ ቅኝት ስም ነው፤ በዚያ ቅኝት የሚዘፈን የታወቀ ዜማ ስም ነው፤ በርካታ ድምፃውያን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ግጥም ለተጫወቱት ሥራም ርእስ ነው። ባቲና አምባሰል ደግሞ ቅኝትም፣ ዘፈንም፣ ቦታም ናቸው። አንድ ተመራማሪ «ባቲ» ብሎ ቢፈልግ በከተማዋ የተቀረጸውን፣ በቅኝቱ የተዘፈነውንና ስሙን በርእስነት የያዘውን ተደባልቆ ያገኘዋል። መፍትሔው ለቅኝት፣ ለርእስና ለቀረጻ ቦታ የተለያዩ መስኮች መያዝና በእያንዳንዱ መስክ የተወሰነ ቃል መጠቀም ነው።

የሰው ስምም እንዲሁ ነው። የካታሎግ ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ የቤተሰብ ስም ላለው ኅብረተሰብ የተሠሩ ስለሆኑ ሙላቱ አስታጥቄን በአባቱ ስም ይጀምሩታል፤ ለእኛ ግን ሙላቱ ስሙ ነው፣ አስታጥቄ አባቱ ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የ«ጥ»ና የ«ቄ» ድምፆች እኩያ ስለሌላቸው የአባቱ ስም በተለያዩ የውጭ ኅትመቶች በተለያየ መልክ ይገኛል። በአፋን ኦሮሞ የተቀረጹ ሥራዎችም በግዕዝ ፊደል ወይም በቁቤ ተጽፈው ይገኛሉ፤ ሁለቱም አጻጻፍ ወደ አንድ መዝገብ መምራት አለባቸው። ከድምፃዊው በተጨማሪ ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ያቀናበረውና ክራሩን የመታው ማን እንደሆነ መመዝገብ አለበት። ይህ ከታሪክ በተጨማሪ የመብት ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአመንጪውም ለከዋኙም መብት ይሰጣል፤ ነገር ግን ስሙ ያልተመዘገበ ሰው መብቱን በምን ያስረዳል?

ሒሳቡ ምን ይላል?

«መጀመሪያ እንገልብጠው፣ ስሙን በኋላ እንጽፋለን» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ይነሣል። ክር እየተበላሸ ስለሆነ አስቸኳይነቱን እቀበላለሁ። ሒሳቡን ግን አብረን እንሥራ። የስድሳ ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ ስድሳ ደቂቃ ማጫወት ግድ ነው። 1,000 ካሴት 1,000 ሰዓት ይፈጃል፤ በአንድ ማጫወቻ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ 125 የሥራ ቀናት ማለት ነው። የድምፅ መዛግብት ባለሙያዎች በሚመክሩት 96 ኪሎኸርዝና 24 ቢት ጥራት የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ድምፅ ወደ 2 ጊጋባይት ይደርሳል፤ አንድ ሺሁ በጠቅላላ በእጅ በሚያዝ አንድ ዲስክ ላይ ይገባል።

አሁን በእያንዳንዱ ካሴት 10 ዘፈን አለ ብለን እንገምት። ይህ 10,000 መዝገብ ነው። አንዱን ለይቶ ለመመዝገብ 15 ደቂቃ ብቻ ቢወስድ 2,500 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ከመገልበጡ ሁለት እጥፍ ተኩል። ያው ካሴት በአራት ተቋማት ቢገኝ ደግሞ አራቱም በየፊናቸው ይህንኑ ድካም ይደግሙታል። እንግዲህ ውዱ ነገር ማሽኑ አይደለም፤ ድምፁን ሰምቶ «ይህ እገሌ ነው» የሚል ሰው ጊዜ ነው። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፋ ነው። ማሽን ነገም ይገዛል፤ ይህ ምስክር ግን ነገ ላይገኝ ይችላል።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ «ማኅበር ሲባል ማኅተም፣ የደብዳቤ ወረቀትና ዓመታዊ ስብሰባ ነው» የሚለው ነው። ትችቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ለዚህ መድኃኒቱ ከሕገ ደንቡ አስቀድሞ ሥራውን መጀመር ነው። የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ተቋም በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት የአገሪቱን የጽሑፍና የድምፅ ቅርስ የማሰባሰብ ኃላፊነት አለበት። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ በ1935 የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፣ ብሔራዊ ቴአትርና የብሮድካስት ተቋማት እያንዳንዳቸው አንድ ባለሙያ ቢመድቡ የመጀመሪያው የጋራ ሰነድ ሊዘጋጅ ይችላል፤ እርሱም ማን ምን እንደያዘ የሚያሳይ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በውጭ ያለውንም መጥቀስ ይኖርበታል። ለምሳሌ ኬይ ካፍማን ሸለሜይ በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ያሰባሰቡት ክምችት በዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ የምዕራባውያን የካታሎግ ሥርዓት አቀናባሪንና የታተመ ኖታን መነሻ ያደርጋል፤ የአዝማሪ ሙዚቃ ግን በየመድረኩ አዲስ ግጥም ይወለድለታል፤ መንዙማና ፉከራ «አቀናባሪ» ለሚለው መስክ አይገቡም። እስማማለሁ። ስምምነቱን እዚህ፣ በእኛ ባለሙያዎች ማድረግ ያለብንም በዚህ ምክንያት ነው። ቅኝት፣ ስልት፣ ክዋኔው የሠርግ ይሁን የሐዘን ወይም የእርሻ የሚሉት መስኮች በእኛ ዘንድ ከማንኛውም የሥራ ቁጥር ይቀድማሉ። እነዚህን መስኮች እኛ ካልቀየስናቸው ከውጭ የሚመጣው ሶፍትዌር ባዶ ይተዋቸዋል፤ ባዶ መስክ ደግሞ ከጊዜ በኋላ የሌለ ነገር ይመስላል።

ስለዚህ ለዚህ ፋኩልቲ ተማሪዎች አንድ የሚጨበጥ ሥራ አቀርባለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ፣ አንድ ትንሽ ስብስብ፣ ሃምሳ ካሴትም ቢሆን፣ ምረጡ። ሙዚቀኞቹን ከሚያውቁ አንጋፋዎች ጋር ተቀምጣችሁ አዳምጡ፤ የሰጧችሁን ስም፣ ቅኝትና መሣሪያ መዝግቡ፤ ሁለት አንጋፋዎች ካልተስማሙ ልዩነታቸውንም ጻፉ። የተጠቀማችሁበትን የአመዘጋገብ መንገድ በአባሪነት አያይዙ። አምስት ተማሪዎች ይህን አድርገው መዝገባቸውን ሲያነጻጽሩ የማይስማሙባቸው ቦታዎች ይገለጣሉ፤ ወደፊት ሊመሠረት የሚገባው ማኅበር የመጀመሪያ አጀንዳም እነዚያው ነጥቦች ይሆናሉ።